ብርቅ መሆን ያማረው ሻርክ

ተረት ተረት ስል «የመሠረት» በሉና ዝም በሉ። የዚህ ሻርክ ሞኝነት ይበቃኛል፤ የእናንተን ጫጫታ ደግሞ አልችልም።

ድሮ ድሮ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በባሕር ሆድ ውስጥ አንድ ሻርክ ከወገኖቹ ጋር ይኖር ነበር። ከላይ ደግሞ አንዲት ራሷ መላጣ ወፍ ነበረች። ወገኖቿ አልቀው ብቻዋን ቀርታለች። በየዓመቱ ባሕሩን እየተሻገረች መሰሏን ትፈልጋለች፤ ሲደክማት ከውኃው መሐል ቋጥኝ ላይ ታርፋለች።

አንድ ቀን ሁመድ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ላይ አያትና፣ «አቤት! እንዴት ያለች ብርቅ ወፍ!» አለ። ሻርኩ ከውኃው ብቅ ብሎ ነበርና ሰማ። ቅናት አንጀቱን በላው። ያን ሁሉ ጥርስ ይዞ በመላጣ ወፍ ይቀናል እንግዲህ!

«አንቺ መላጣ፣ በምን ብርቅ ሆንሽ?» አላት።

«ወገኖቼ ስላለቁ ነዋ!»

እሷ ማዘኗ ነበር። እሱ ምክር መሰለው። ወረደና የአጎቶቹን ልጆች እየነከሰ አባረረ። ወጣ።

«የአጎቶቼን ልጆች አባረርኳቸው። አሁንስ ብርቅ ሆንኩ?»

«ኧረ በፈጠረህ! ብርቅነት ሹመት መሰለህ?»

ወረደ። ወንድሞቹን አባረረ። ወጣ።

«ወንድሞቼንም አባረርኳቸው። አሁንስ?»

«ኡኡቴ! እኔ አንድ ወገን አጥቼ ስንከራተት አንተ ያሉህን ታባርራለህ? ተው አልኩህ፣ ተው!»

መች ሰምቶ! ወረደ። ሚስቱን አባረረ። ወጣ።

«ሚስቴንም! አሁንስ?»

ወፏ ታክቷት ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ወደ ሽማግሌው ጀልባ ዋኘ።

«አባባ ሁመድ፣ ከታች ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔንም ብርቅ ይበሉኝ!»

ሁመድ መረቡን እየሰበሰበ፣ «ልጄ፣ ብርቅ ማለት እኮ የሚናፈቅ ነው። አንተን ማን ይናፍቅሃል? የሚናፍቁህን አባረርካቸው» አለው።

ይኼኔ ከሰማይ የወፍ ድምፅ ተሰማ። ወፏ ቀና ብትል፣ እንደሷ ራሱ መላጣ የሆነ ወፍ ከማዶ እየመጣ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ብርቅ አትበሉኝ! ሁለት ሆነናል!» ብላ እየጮኸች ተነሣች።

ሻርኩም ወደ ጨለማው ወረደ። «አሁንስ?» ብሎ ተጣራ። የሚመልስለት አጣ።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ፤ ዳቦውን ግን ለየብቻችሁ እንዳትበሉት።