ያልተጎረሰው ጉርሻ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። ሲስቅ ሳቁ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር።

አንዲት የመንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡራ ታሰቃየው ጀመር። ልጅ ሳለ አባቱን አጋድመው ጥርሳቸውን በጉጠት ሲነቅሏቸው አይቷልና ሐኪም ሲባል ይሸሻል። ሲፈራ ጥርሱን ይነክሳል፤ ሲነክስ መንጋጋው ያመዋል፤ ሲያመው ይብስ ይፈራል። እስቲ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ። የምትንቀሳቀስ ማጠፊያ አለች አይደል? የጓንጉል ማጠፊያ ተቆለፈች። ሳቁ ጠፋ። ለብቻው አጥሚት እየጠጣ መኖር ጀመረ፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

የአንድ ልጁ የትርንጎ ሰርግ ደረሰ። ሙሽራው ለአማቱ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ቀረበ።

«ይጉረሱልኝ፣ አባባ።»

ጓንጉል ራሱን ነቀነቀ።

«በሞቴ!»

አሁንም ነቀነቀ። የዳሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ጨው አንሶት ይሆናላ!» አለ አንዱ ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

የሙሽራው አባት ብድግ አሉ። «የልጄን እጅ ተጸየፈ? ወይስ መርዝ አለበት? ተነሱ፣ እንሂድ!»

ሚዜዎቹ ተነሱ። ያኔ ትርንጎ እያለቀሰች፣ «ተዉት» አለች። «የኔንም እጅ ከተወ ስንት ዘመኑ! አባቴ ጠልቶኛል።»

ጓንጉል ክው አለ። እጇን ይዞ አፉን በግድ ከፈተ። ክፍተቱ ትንሿን ጣቷን እንኳ አያስገባም።

«ልጄ... አልጠላሁሽም። አይከፈትልኝም።»

የሙሽራው አባት ሳያውቁት ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ሙሽሮቹ ግራና ቀኝ ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሞቹ መጀመሪያ መንጋጋውን ቀስ በቀስ አላሉለት፤ ቆይተው ጥርሱን አደንዝዘው ነቀሉት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠብቅ «ጨርሰናል» አሉት።

«ምኑን?» አለ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ትርንጎ እየፈራች ትንሽ ጉርሻ ዘረጋችለት። ጎረሰ። አላምጦ ዋጠና፣ «ድገሚኝ» አለ።

ወዳጆቼ፣ ይህ ሰው ጥርሱን የደበቀ መስሎት ፍቅሩን ደብቆ ኖረ። የአፍ ሕመም አፍ ውስጥ አይቀርም፤ ሳቅ ይነጥቃል፣ ከማዕድ ያሸሻል፣ አባትን ከልጁ ያቀያይማል። መፍራት ነውር የለውም፤ ፍርሃትን ለብቻ ይዞ መቀመጥ ነው የሚጎዳው። እናንተስ? ከገበታችሁ የሸሸውን ሰው ከመቀየማችሁ በፊት፣ «ምን አመመህ?» ብላችሁታል?