ሕግ አምላክ ጉብታ

በጎሽ ሜዳ መግቢያ ላይ ያለው ሕግ አምላክ ጉብታ የተነሣው በሠላሳ ሦስት ጠገራ ብር ምክንያት ነው ይባላል። ቁመቱ ሰባት ክንድ ነው። የከተማው ቆሻሻ መኪና እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ ሹፌሩም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጭነቱን የት እንደሚደፋ ጮክ ብሎ ይናገራል። በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም፤ ሳይናገር ያለፈ ግን የለም።

እንደሚነገረው በዱሮ ጊዜ የገበያው ቆሻሻ፣ የከብቱ ፈርስና የጠላ ቤቱ አተላ፣ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው በሃያ አህያ እየተጫነ መንደራችን ከሚጠጣው ከሾላ ምንጭ በላይ ይደፋ ነበር። ያስደፋው የነበረውም ምስለኔው ግራዝማች ገዝሙ ነው። ውሃው ሲበላሽ ይኸው ሰው ሕግ አወጣ፤ ውሃ ያረከሰ መንደር በየቤቱ ሦስት ብር ይቀጣል፣ እስከ ፋሲካ ያልከፈለ መሬቱን ይነጠቃል የሚል። መንደራችን አሥራ አንድ ቤት ነበር። ደፊው እሱ፣ ተቀጪው የተደፋበት!

ወንዶቹ ጊደር ለመሸጥ ሲነሡ፣ በዚያ ውሃ ሁለት ጥጃ የሞተባቸው እመት ዘርትሁን «ከበረት አታውጡ፤ በገዛ ሕጉ አቆመዋለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ምንጩ ሳይሆን ጭነቱ ወደሚያልፍበት፣ ጎሽ ሜዳ መግቢያ ላይ ወዳለው የምስለኔው ደጅ ሄደው ጠበቁ፤ አህዮቹ ልክ ከበሩ ሲደርሱ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ዳኛ ሳያየው ጭነቱን ይዞ አይነቃነቅም ነበር።

«እመት ዘርትሁን፣ በሞቴ ትንሽ ፈቀቅ ልበል» አለ ነጂው ሽበሺ፤ «የጌታዬ ደጅ እኮ ነው።»

«ደጁን አይቼ ነው ያስቆምኩህ።»

ገዝሙ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። «ዳኛው እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ፣ እለፉ!»

«እርስዎማ ተከሳሽ ነዎት ጌታዬ። ውሃ ያረከሰ ይቀጣ ያሉት እርስዎ፣ ያረከሱትም እርስዎ። በራስዎ ነገር ሊፈርዱ ነው?»

ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። ከላይ ዳኛ ተጠራ፤ አህዮቹ ሲራገፉ ጭነቱ ለማስረጃ በቦታው ቀረ። ዳኛው በአሥራ ሁለተኛው ቀን እስኪደርስ አራት የገበያ ቀን አለፈ፤ በየገበያው የመጣውም ጭነት እንደዚሁ በሕግ አምላክ እዚያው እየቆመ ሰማንያ የአህያ ጭነት በምስለኔው ደጅ ተከመረ። እመት ዘርትሁንም ማስረጃው እንዳይነካ ከአጠገቡ አልተለዩም።

ዳኛው ከሩቅ ከበቅሎው ወርዶ ፈረደ ይባላል። ሠላሳ ሦስቱን ብር ገዝሙ ለመንደሩ እንዲከፍል፣ የቆሻሻ መድፊያ ጉድጓድም ከውሃ ርቆ በገዝሙ ግጦሽ ላይ እንዲቆፈር፣ ቆሻሻ የጫነ ሁሉ ከክምሩ ዘንድ ቆሞ መድፊያውን እንዲናገር። ክምሩ አፈር ለብሶ ጉብታ ሆነ።

አምና አንድ አዲስ ሹፌር ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ «ፈቃድ አለኝ» አለን።

«ፈቃዱን አየነው፤ የት ነው የምትደፋው?» አልነው። እስኪናገር ቆመ።

ሒሳቡ ይህ ነው። ያተረፍነው ሠላሳ ሦስት ብር፣ አሥራ አንድ ቤት፣ አንድ ምንጭ። የከሰርነው ሁለት ጥጃ፣ ደግሞም በዚያ ሁሉ ዝንብ መሀል አሥራ ሁለት ቀን ሲቀመጡ ታሞ የጠፋው የእመት ዘርትሁን አንድ ዓይን። ጥጃዎቹን ከብሩ ላይ ተካን። ዓይናቸውን የሚተካ ስላልነበረ፣ ያ ዓይን ሊያየው ይችል የነበረውን መንገድ እኛ ከጉብታው ሥር ተራ ገብተን እናያለን።