የአህያው የምስክርነት ፈቃድ

አንበሳ በሚገዛው ጫካ ሕግ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ከሁሉም የሚያምረው፣ ለምስክርነት የተጠራ ሠራተኛ ያን ቀን ከሥራ እንዲቀር የሚፈቅደው ነው። በታወጀ ዕለት እንስሳቱ እስኪደክማቸው አጨበጨቡ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። የሚሰጠው የየሥራው አለቃ ነበር፤ የውሃ ቀጂዎቹ አለቃ ደግሞ ጅብ።

አህያው ለቤተ መንግሥቱ ውሃ ሲያመላልስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ይኸው አለቃው ወንዝ ዳር የፍየሏን ግልገል ሲበላ አየ። ከእሱ በቀር ያየ የለም። ፍየሏ ከሰሰች፤ ችሎቱም ዋርካው ሥር ለሐሙስ ተቀጠረ። ምስክር ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል።

"አንተ ከቀረህ ልጄ ሁለት ጊዜ ሞተ ማለት ነው" አለችው ፍየሏ። ከዚያ ወዲያ አህያው ሣር አልዋጥልህ አለው።

ፈራ ተባ እያለ ፈቃድ ጠየቀ። ጅብ አልተቆጣም። ሕጉን እሱ ራሱ እንደሚወደው ነገረውና፣ አለቃው ያጸደቀው ተተኪ ሳይኖር ቦታ መልቀቅ ግን በደንቡ ክልክል መሆኑን አስረዳው። አህያው ያልለመነው የለም። በቅሎ ወገቧን አመማት። በሬ ስለ ፍትሕ ረጅም ንግግር አደረገለትና ወደ እርሻው ሄደ። እሺ ያለችው ኤሊ ብቻ ናት፤ እሷንም ጅብ ትዘገያለች ብሎ መለሳት።

ሐሙስ ጠዋት ጅብ ራሱ ወደ ችሎት መሄድ ነበረበት፤ ተከሳሽ ነውና። ደንቡ እሱንም ስለሚይዘው ተተኪ ፈለገ። አህያውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ማኅተሙንም አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት።

"እስክመለስ ተጠባባቂ አለቃ አንተ ነህ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል፤ ገባህ?"

"ገብቶኛል፣ አያ ጅቦ" አለ አህያው።

ዋርካው ሥር ጅብ ምስክር አለመገኘቱን ለአንበሳ በሐዘን ሲያስረዳ አህያው ከተፍ አለ።

"ማን ፈቅዶልህ ነው?" አለ ጅብ።

"ተጠባባቂው አለቃ ናቸው" አለ አህያው፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እያቀረበ። "ኤሊንም አጽድቀውልኛል። ጥሩ አለቃ ናቸው።"

አንበሳ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ ማኅተሙ የጅብ ነው። አህያው ያየውን ሁሉ ተናገረ። ፍየሏ አለቀሰች፤ ጅብም ታስሮ ተወሰደ።

በማግስቱ አንበሳ እንስሳቱን ሰብስቦ ደንቡ መሻሻሉን አወጀ፤ ከእንግዲህ ተጠባባቂ አለቃ ለራሱ ፈቃድ መስጠት አይችልም። እንስሳቱ እስኪደክማቸው አጨበጨቡ።

"ታዲያ አለቃው ሲበድል ያየ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው?" አለ አህያው።

ጭብጨባው ቆመ።