አፈር ጫሪው ደባልቄና የአንጓች ሽንኩርት

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የጓሮ በረከት» በሉኝ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከቤቷ ጀርባ፣ ምንጩ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ጓሮ ነበረቻት። በዚያች ጓሮ ባሮ ሽንኩርት ታበቅላለች። ቅጠሉ ረጅም፣ አገዳው ነጭ፣ ሽታው መንገደኛ የሚያስቆም። ልጆቿን የምታሳድገው በሱ ነው።

ጎረቤቷ ደባልቄ በሬም መሬትም የሞላው ሰው ነበር። ዓይኑ ግን ከዚያች ጓሮ አይነቀልም። አንድ ቀን መጣና፣

«አንጓች፣ እስቲ ዘር ስጪኝ» አላት።

ከቅሏ ጥቁር ጥቁሩን ዘር ዘግና ሰጠችው።

«አፈሩን አለስልሰህ ከላይ ከላይ ዝራው። ሣር አልብሰው። ውሃ በስሱ አርከፍክፍበት። ከዚያ ተወው። ሽንኩርት ዘግይቶ ነው የሚወጣ» አለችው።

ደባልቄ ዘራ። በነጋታው ሣሩን ገልጦ አፈሩን ጫረ፤ ምንም የለም። በማግስቱም ጫረ፤ ምንም የለም። ዘሩን ፀሐይ መታውና ደረቀ።

ተመልሶ መጣ። «አልበቀለም» አላት። ሰጠችው። ዘራ። ጫረ። ደረቀ።

ደግሞ መጣ። ሰጠችው። ዘራ። ጫረ። ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ወደ አንጓች አልመጣም፤ ወደ ዳኛ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ይህች ሴት ዘሩን እየቆላች ሰጥታ ሦስት ጊዜ በከንቱ አለፋችኝ። ለልፋቴ ጓሮዋን ትካሰኝ» አለ።

አንጓች ተጠርታ ይህን ሰማች። ጓሮዋ ከሄደ ልጆቿን ምን ልታበላ ነው? ግን አልጮኸችም። ቅሏን ይዛ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ዘሩ ይኸው። ደባልቄ በገዛ እጁ እርስዎ ግቢ ይዝራው። ዙሪያው በእሾህ ይታጠር። የእርስዎ ሰዎች ያጠጡት። ሳይበቅል ቢቀር ጓሮዬን ይውሰድ።»

ደባልቄ በሆዱ ሳቀ። ዘራ። ታጠረ።

በነጋታው አጥሩ ሥር ቆሞ፣ «አንዴ ጭሬ ልየው» አለ።

«አይሆንም» አሉት ዳኛው።

ሰንበት ብሎ መጣ። «በጣቴ ብቻ።»

«አይሆንም።»

ደግሞ መጣ። «በስንጥር ጫፍ!»

«እረፍ አልንህ!»

አንድ ማለዳ ዳኛው ሁለቱንም አስጠሩ። ሣሩ ሲነሣ፣ መደቡ እንደ መርፌ በቀጠነ፣ አንገቱን በደፋ ቡቃያ ተሞልቷል።

«ማን ዘራው?» አሉ ዳኛው።

«እኔ።»

«የማን ዘር ነው?»

«የአንጓች።»

«ታዲያ የቀድሞውን ማን ገደለው?»

ደባልቄ ጣቶቹን አየ። «እጄ» አለ በቀስታ።

ዳኛው ፈረዱ። ደባልቄ ምንጩ ዳር ካለው መሬቱ ቆርሶ በአንጓች ጓሮ ላይ ጨመረላት። አጥሩንም ራሱ አጠረላት።

ችግኙ ሲጠና አንጓች፣ «ና እንካፈለው፤ የዘራኸው አንተ ነህ» አለችው። ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ተከሉ።

«መቼ ይደርስ ይሆን?» አላት።

«ሲደርስ» አለችው።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህ ነው።

ተረቴን መልሱ፣ እናንተም ጓሮ አርሱ።