የፈንቴ ቃል የጠፋበት ስፒከር

ከዝምታ በቀር በቤቷ የሚያድር የሌላት አንዲት ሴት ነበረች፤ አንጓች ትባላለች። ስልክ በማይደርስበት የሰሊጥ እርሻ ዘበኛ የሆነው ወንድሟ ፈንቴ ድምፁን ቀድቶ በፍላሽ ላከላት። ያደረሰላት ወደ እርሻው የሚመላለሰው ሹፌር ሙሉቀን ነው። አንጓች ፍላሹን ማጫወቻው ላይ ሰካች። ስፒከሩ ግን "ክርርር! ክርርር!" አለ እንጂ አንድ ቃል አልወጣውም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወንድሟን ቃል።

"ስፒከር ሆይ፣ ምነው ቃሉን አጥርተህ ብትነግረኝ?"

"አልነግርሽም። ድምፅ አጉሊው አምፕሊፋየር የሚያቀብለኝ የተቆራረጠ ድምፅ ነው።"

ወደ አምፕሊፋየሩ ዞረች። "ስፒከሩ ቃል አይነግረኝም፣ አንተ ድምፁን ትቆራርጥበታለህ። ምነው?"

"ማጫወቻው ከአቅሜ በላይ ይልክብኛል። ያልቻልኩትን እቆርጠዋለሁ።"

ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለች። "ስፒከሩ ቃል አይነግረኝም፣ አምፕሊፋየሩ ይቆራርጥበታል፣ አንተ አምፕሊፋየሩን ታጨናንቀዋለህ። ምነው?"

"እጅሽ ድምፄን እስከ ጥግ ከፈተችው፤ ምን ላድርግ?"

እጇን አየቻት። "ስፒከሩ ቃል አይነግረኝም፣ አምፕሊፋየሩ ይቆራርጥበታል፣ ማጫወቻው ያጨናንቀዋል፣ አንቺ ማጫወቻውን እስከ ጥግ ትከፍቺዋለሽ። ምነው እጄ?"

"ጆሮሽ 'ጨምሪ! ጨምሪ!' እያለኝ ነዋ።"

ጆሮዋን ያዘች። "ስፒከሩ ቃል አይነግረኝም፣ አምፕሊፋየሩ ይቆራርጥበታል፣ ማጫወቻው ያጨናንቀዋል፣ እጄ ትከፍተዋለች፣ አንተ እጄን ታዛታለህ። ምነው ጆሮዬ?"

ጆሮዋ መለሰ። "ከፋሲካ ወዲህ ቁጭ ብሎ ያናገረኝ ሰው የለም። ዝምታው አደነቆረኝ።"

ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ላይ እስክትወርድ ቁጭ እንዳለች ነበረች።

በሩ ተንኳኳ። ሙሉቀን ነው። "እትዬ አንጓች፣ ደህና ዋሉ? ነገ ወደ እርሻው ተመላሽ ነኝ፤ ለጋሽ ፈንቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"አልሰማሁትማ ልጄ። እስቲ ግባ፤ ትንሽ አጫውተኝ።"

ስለ መንገዱ አወራላት፤ ስለ ፈነዳው ጎማ፣ ስለ ዝናቡ። እሷም ሳቀች። ጆሮዋ የሰው ድምፅ ጠገበና እጇን ማዘዝ ተወ፣ እጇ ማጫወቻውን ቀነሰች፣ ማጫወቻው ለአምፕሊፋየሩ በልኩ ላከ፣ አምፕሊፋየሩ ሳይቆርጥ ለስፒከሩ አቀበለ፣ ስፒከሩም ቃሉን ተናገረ፦

"አንጉዬ፣ ዓይኔ ደክሟል። ብቻዬን መምጣት አልቻልኩም። መጥተሽ ውሰጂኝ።"

አንጓች ወደ ሙሉቀን ዞረች።

"ነገ ጋቢና ቦታ አለህ?" አለችው።