የት ነህ ብሎ የጠየቀው ላፕቶፕ

አንድ ሰው ነበረ። ወገኖቼ፣ ስሙን አልነግራችሁም፤ ምናልባት ዛሬ ጠዋት አብሯችሁ ታክሲ የተሳፈረው ሊሆን ይችላል። ሥራው የመሬት ቅየሳ ነው። መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሞ ከዚህ ኮረብታ እስከዚያ ኮረብታ ስንት ሜትር እንደሆነ ሳይሳሳት ይነግራችኋል። ከእሱ መኝታ ቤት እስከ ልጁ መኝታ ቤት ያለውን ርቀት ግን ሊያውቀው አልቻለም።

ሚስቱ ትርሲት ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ እሱና የአሥራ ስድስት ዓመቱ ሶፎንያስ። በመሃላቸው ያለው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ የመኪና እሽቅድድም ይጫወታል።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ጎሽ።»

የቀኑ ወሬ ይኸው ነው። አትሳቁ! እናንተ ቤት ከዚህ የረዘመ ይወራል?

ታዲያ አንዳንዴ በግድግዳው በኩል የልጁ ሳቅ ይሰማል። ሰውየው የሥራ ወረቀቱን ዘርግቶ ያን ሳቅ ሲሰማ እጁ ይቆማል። የትርሲት ሳቅ ነው፤ ቁርጥ እሷን። ሰው ባለበት ቤት ብቸኛ መሆን ከባድ ነው፣ ወገኖቼ። ባዶ ቤት ቢሆን ቢያንስ ምክንያት ይኖረው ነበር።

ድሬዳዋ ያለችው እህቱ ደወለች። «ልጁን ላክልኝ። አንተ ፊልድ ስትወጣ ብቻውን ነው። እዚህ ከልጆቼ ጋር ይጫወታል» አለችው። እውነቷን ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እሰጥሻለሁ አላት።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር የሚጠግነው መሳፍንት አንድ ነገር አጫወተው። ሶፎንያስ የሚጫወተው ጨዋታ በአንድ ቤት ዋይፋይ፣ በሁለት ኮምፒውተር፣ አብረውም ይጫወቱታል። አንዱ ጨዋታውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የተከፈተው ጨዋታ በሌላው ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ተጭኖ መግባት ነው። ሰውየው ላፕቶፑ ላይ አስጫነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው! ከቅየሳ ፒካፕ በቀር ምንም ነድቶ አያውቅም።

የልጁን በር አንኳኳ። «ሶፎ፣ ያን የመኪና ጨዋታ እኔም አስጭኛለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ክፈትና እገባለሁ።»

ልጁ «እሺ» አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰውየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ፈለገ። «የተከፈተ ጨዋታ የለም» አለው። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ፈለገ። የለም። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ዋይፋዩ ያው የቤታቸው መሆኑን አየ። ሳሎን ያለውን የዋይፋይ ሳጥን ነቅሎ ሰካው። የለም።

ተነሥቶ «አልከፈትክም እንዴ?» ቢለው ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ፈራ። «አልፈለግኩም» ቢለውስ? እራት ላይ ሁለቱም ስለ ጨዋታው አላነሡም። በሁለተኛው ቅዳሜ ፈለገ፤ የለም። በሦስተኛው ፈለገ፤ የለም። ሰውየው መልሱን ለራሱ ሰጠ። ልጄ አይፈልገኝም። ሰኞ ለእህቴ ውሰጂው እላታለሁ።

ስልኩን አነሣ።

«መሳፍንት፣ ይሄን ጨዋታ እንዴት ነው ከላፕቶፑ ላይ የማጠፋው?»

«ምነው ጋሼ፣ አሸነፈዎት እንዴ?»

«ልጁ አይከፍተውም።»

መሳፍንት በዋዛ የሚያምን ሰው አይደለም። «ቆይ እስቲ። ላፕቶፑ መጀመሪያ የቤትዎን ዋይፋይ ሲያገኝ፣ የት ነው ያሉት ብሎ ጠይቆዎት ነበር። ምን ብለው መለሱ?»

«የሕዝብ ቦታ።»

«ቤትዎ ተቀምጠው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የሕዝብ ቦታ ይበሉት ያልከኝ!»

«ፊልድ ሲወጡ፣ ሆቴል ሲያድሩ ነዋ ጋሼ! ሌባ እንዳይገባብዎት። የሕዝብ ቦታ ነኝ ካሉት፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ እንግዳ ይሆንበታል። ራሱን ይደብቃል፤ የሚጣራውንም አያሰማዎትም።»

ሰውየው ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ መሳፍንት እየነገረው መልሱን ቀየረ። ቤቴ ነኝ አለው። እንደገና ፈለገ።

አንድ መስመር ወጣ። ጨዋታውን የከፈተ ሰው የፈለገውን ስም ይሰጠዋል፤ ይሄኛው «አባዬ ግባ» ይላል። ከጎኑ «ተጫዋች፦ 1 ከ2» ይላል።

ስልኩን ሳይዘጋው አልጋው ላይ ጣለው። ተጭኖ ገባ። ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲገፋ ሰማ።

«አባዬ?»

«አቤት ልጄ።»

«ሦስት ቅዳሜ ጠበቅኩህ እኮ።»

ሰውየው አለቀሰ። በመጀመሪያው ውድድር መኪናውን ገደል ከተተው፤ እያለቀሱ መንዳት አይሆንም።

ወገኖቼ፣ ልጁ ከፍቶ ነበር። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ከፍቶ ነበር! ከግድግዳው ወዲያ እሱም «አባቴ ቀልዱን ነው፣ አይመጣም» እያለ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ ድሬዳዋ ሂድ ሊባል ነበር። ሁለት ቀን ነበር የቀረው! አባትየው ሁሉን ፈትሿል። ሳጥኑን ነቅሏል፣ ላፕቶፑን አጥፍቷል፣ ልጁን ጠርጥሯል። ያልፈተሸው የራሱን መልስ ነው።

እናንተስ? ያ ሐዘን የገባ ቀን፣ ያ የምታምኑት ሰው የከዳችሁ ቀን፣ ልባችሁ የት ነህ፣ የት ነሽ ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። ምን አላችሁት? እንግዳ ሰው መሃል ነኝ አላችሁት። ያን ቀን ልክ ነበራችሁ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። ግን እኮ ከዚያ ወዲህ ቤት ገብታችኋል። መልሱን ማን ቀየረው?

ማንም አይፈልገኝም ትላላችሁ። ፈለግኩ፣ ባዶ ነው ትላላችሁ። ፈጣሪም ረሳኝ ትላላችሁ። በስማችሁ ከፍቶ ስንት ቅዳሜ ጠብቋችሁ ይሆን?

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እግዚአብሔር አይደክመውም፤ ሰው ግን ይደክመዋል። ያ ልጅ በሦስተኛው ቅዳሜ ታክቶት ዘግቶት ቢሆንስ? ሁሉም ልጅ ሦስት ቅዳሜ አይጠብቅም። የማይነሣ ስልክ ላይ ዓመት ሙሉ የምትደውል እናትም አንድ ቀን ትተዋለች።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትደርሱ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ልባችሁን ቤቴ ነኝ በሉት። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰው በስሙ ጥሩት። «አቤት» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ምን እንደምታወሩት ባታውቁም፣ ግቡ።