የአስካለ ሙሾ

በእኛ ከተማ፣ በሐይቅ፣ ዛሬ መሆን ያለበትን ነገር ለነገ የሚያሳድር ሰው ሲገኝ የሚተረትበት አንድ አጭር ተረት አለ። ትንሹም ትልቁም ያውቀዋል፤ መነሻውን ግን ብትጠይቁ አንዱ የጥንት አባቶች ቃል ነው ይላችኋል፣ ሌላው ከደሴ የመጣ ነው ይላችኋል። ሁለቱም አያውቁም። ተረቱ ሲወለድ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ፤ ስለዚህ ሲተረት በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ይመር እባላለሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ባለጉዳይ እያለቀሰም እየተሳደበም ሲናገር ቃሉን ሳላስደግም እከተለዋለሁ፤ እጄ ፈጣን ነው። ይህን ለጉራ አይደለም የምናገረው፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ከፊት ለፊቴ መንበሩ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈተና ግማሽ ደንበኛዬን ወሰደብኝ። እኔም አኮረፍኩ። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ቃል አልጨምርለትም ነበር። በእሱ በረንዳ ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ልብስ ይሰፋሉ፤ የእኔንም የእሱንም ሐሜት እኩል እየሰሙ ፔዳላቸውን ይረግጣሉ።

መንበሩ እናቱን አያውቃትም። አስካለ ትባል ነበር፣ የዘጠኝ ወር ሕፃን ጥላው ሞተች። ፎቶግራፍ የላትም። ያሳደገችው አክስቱም «እናትህ ደግ ነበረች» ከማለት በቀር ምንም ሳትነግረው አለፈች፤ ደግ ደግሞ ለሞተ ሰው ሁሉ ይባላል። እሱ ማወቅ የፈለገው መልኳ ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደምትናገር፣ ምን እንደሚያስቃት ነው። ያን ሁሉ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። እሳቸውም አልቃሿ እትዬ የውብዳር ናቸው።

እትዬ የውብዳር በዚህ አገር አርባ ዓመት ሙሾ አውርደዋል። እንደ ሌሎቹ አልቃሾች ለሁሉም አንድ ግጥም አያለብሱም። ሰው ሲሞት ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ባለ ዕዳውን ሳይቀር ይጠይቁና የሟቹን አካሄድ፣ ቀልዱን፣ አመሉን በስንኝ ይሰድሩታል። የሰሙትም የደረደሩትም ከአእምሯቸው አይወጣም። የአስካለ ሙሾ ከሁሉም ይበልጥ ነበር ይላሉ እሷን በቅርብ ሳያውቁ ቀብሯ ላይ የነበሩ። ግጥሙን ግን አንዳቸውም አልያዙትም። የሚያለቅስ ሰው ግጥም አይዝም።

እድራችን የሟቾቹ ሙሾ እንዲጻፍ ሲወስን መንበሩ «እኔ በነጻ እጽፋለሁ» አለ። እትዬ የውብዳርም እሺ አሉ፣ ነገር ግን ሁለት ነገር አስጠነቀቁ። አንደኛ፣ ቴፕ አይቀርብም። አንድ ጊዜ ባለጌ ሰው ድምፃቸውን ደብቆ ቀድቶ ጠጅ ቤት አጫውቶት ነበርና «ሙታኔን አስጨፈሩብኝ» ብለው ምለዋል። ሁለተኛ፣ ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሟርት ስለሆነ በዜማ አይሉትም፤ በንግግር ብቻ፣ ያውም ሟቹ በሞተበት ቀን፣ አንድ ጊዜ። ደግመው አይሉም። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ማልቀስ ሁለተኛ ሞት መጥራት ነው ብለው ያምናሉ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። የአንዱ ሙት ዓመት ሲደርስ እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉ። መንበሩ ይጽፋል። ጣቱ ግን አይደርስባቸውም። ያመለጠው ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ ያደርግና ያልፋል። የአናጺው የተሰማ ሙሾ እንዲህ ይጀምራል፦

የሰው ቤት ሲሠራ ዘመኑን ጨረሰ፣
የራሱ ጣሪያ ግን ሁሌ እንዳፈሰሰ።

ከዚህ በኋላ ስድስት ስንኝ ሙሉ ነጥብ ነው። የተሰማ ልጅ ወረቀቱን ይዛ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ስትለው መንበሩ ነጥቦቹን በጣቱ ቆጠራቸው። ያን ቀን ፊቱን አይቻለሁ። በሆዱ የእናቱን ቀን እያሰበ ነበር።

በዚህ መካከል ሲሳይ መጣ። ደሴ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ በየሁለት ሳምንቱ ለመንበሩ ሲዲ የሚያመጣ ጨዋታ አዋቂ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ «አዲስ ሲስተም ሊወጣ ነው» አለ።

«ሲስተም ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«የኮምፒውተሩ ነፍስ በሉት ጋሼ። ያለ እሱ ባዶ ሣጥን ነው።»

«እና ነፍሱን ሊቀይሩለት ነው?»

«ሊቀይሩለት ነው። ይህኛው ደግሞ ጆሮ አለው። ሰው ሲናገር እየሰማ ራሱ ይጽፋል።»

መንበሩ ከውስጥ ብድግ ብሎ ወጣ። «ድምፁን ያስቀምጣል?»

«ካልፈለግህ አያስቀምጥም። ሰምቶ ይጽፍና ይረሳል።»

«አንድም ቃል አያመልጠውም?»

«እንዴት ብሎ!»

ወሬ እግር ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲሳይ ነገሩን ከአዲስ አበባ ጓደኛው ነው የሰማው፤ ጓደኛው ከመጽሔት ነው ያነበበው፤ መጽሔቱ የፈረንጅ ነው። አማርኛ ይችላል ያለ ማንም አልነበረም። ደሴ መናኸሪያ ሲደርስ ግን አማርኛ ቻለ። ገበያ ቀን እኛ ዘንድ ሲደርስ የወሎን አነጋገር ከጎጃም ይለያል ተባለ። እኔ ራሴ «ቅጥፈት ነው» እያልኩ ለደንበኛዬ ሁሉ አወራሁት። እያጣጣሉ ማውራትም ማውራት መሆኑን ያን ጊዜ አልተረዳሁትም። መጀመሪያ በመስከረም ይወጣል ተባለ። ቀጥሎ በጥር። ጥር ሲያልፍ ሲሳይ «አሁን ግን የቁርጥ ነው፣ በሰኔ» አለ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት የአስካለ ሙት ዓመት ነው። በጠዋቱ እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሩም ክፍት ነበርና ከጃንጥላዬ ሥር ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

«መንበሩ፣ ዛሬ የእናትህ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ። ይቀመጡ።» ወንበሩን አቀረበላቸው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና እጁን ፊደሎቹ ላይ አሳርፎ መልሶ አነሳ። «እትዬ፣ የእናቴን ለከርሞ ቢያደርጉልኝስ?»

«ለምን?»

«በሰኔ አዲሱ ይመጣል። እሱ ምንም አያመልጠውም። የተሰማን ስድስት ስንኝ ጥያለሁ። የእናቴን አንድም መጣል አልፈልግም።»

እትዬ የውብዳር ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። «ቀስ እያልኩ ብነግርህስ?» አሉ። ለማንም ቀስ ብለው አያውቁም። «የያዝከውን ያህል ትይዛለህ።»

«አይ እትዬ። እኔ ሙሉዋን ነው የምፈልጋት።»

«ለከርሞ እንደምኖር ማን ነገረህ?»

«እርስዎማ ገና ነዎት» አለና ሊስቅ ሞከረ።

«እንግዲህ እናትህ ናት፣ አንተ ታውቃለህ።» ተነሱ። በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አቃኑና ሄዱ።

ጋሽ እንድሪስ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በዓይናቸው ሸኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይመር፣ አንተ ለምን አትጽፍለትም? የአንተ እጅ እኮ ይደርስባቸዋል።»

«አልጠየቀኝም።»

«ባይጠይቅህስ?»

«ኮምፒውተር አለው አይደል?» አልኩ።

ያልኩት ይህን ነው። ስንት ሰው ስንት ነገር ተናግሮ ይረሳል፤ እኔ ይህቺን አንዲት ቃል መርሳት አልቻልኩም። እትዬ የውብዳር ገና መታጠፊያው ላይ ነበሩ፣ ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር።

ሰኔ አለፈ። ሲሳይ በመጣ ቁጥር ሌላ ወር ይዞ መጣ። መንበሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እንዲያውም አዲሱን የሚሸከም ማሽን ያስፈልጋል ሲሉት አሮጌውን ሸጦ ሌላ ገዛ፣ አፍ ላይ የሚደረግ ማይክሮፎንም አስመጣ። ማይክሮፎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፤ ለእናቱ ያኖረው ዕቃ ነበርና ማንንም አያስነካም።

በመጨረሻ በየካቲት ወጣ። ሲሳይ ሲዲውን ይዞ ሲመጣ ሰፈሩ በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። እኔም ኩርፊያዬን ረስቼ ተሻገርኩ። ከምሳ በኋላ ተጭኖ አለቀ። መንበሩ ማይክሮፎኑን ከጨርቁ አውጥቶ አደረገና ድምፁን ጠርጎ «እናቴ አስካለ ትባላለች» አለ።

ማሽኑ ትንሽ ቆየና የእንግሊዝኛ ቃላት ደረደረ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሲሳይ አነበበው። እንደገና አነበበው። «ስለ ጀልባ የሚያወራ ይመስላል» አለ ቀስ ብሎ።

ደግመው ሞከሩ። እየጮኸ ተናገረ፣ እያዘገመ ተናገረ፣ በጎጃምኛም ተናገረ። ጀልባው ሄዶ ሌላ ነገር መጣ። አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ሌላው ግን አልተከተለውም። መንበሩ ማይክሮፎኑን አወለቀና በጨርቁ መልሶ ጠቀለለው። «ሚያዝያ ደርሷል፣ በጣቴ እጽፋለሁ። የያዝኩትን ያህል እይዛለሁ» አለ። አሳዘነኝ። ያን ቀንም ግን «እኔ አለሁ» አላልኩትም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ እትዬ የውብዳር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ሄደ። ሐኪሙ ለነፍሳቸው አያሰጋም አለ። ንግግራቸው ግን ጠፋ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጠዋት መንበሩ መንገዱን ተሻግሮ ጃንጥላዬ ሥር ቆመ። ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

«ጋሽ ይመር፣ ምናልባት አንድ ቃል እንኳ ቢወጣቸው፤ እስክሪብቶዎን ይዘው ከእኔ ጋር ይመጣሉ?»

ወረቀቴን ሰብስቤ ተነሳሁ። ጋሽ እንድሪስም ተከተሉን።

እትዬ የውብዳር አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። «ገና ሳይነጋ ነው በእጃቸው አዘቅዝቂልኝ ያሉኝ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም» አለች ልጃቸው። እኛ ግን ገባን። ቀኑን አልረሱትም።

መንበሩ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። እኔ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከላይ ቀኑን ጻፍኩ፤ ከሥሩ «አስካለ» ብዬ ጠበቅሁ። እትዬ የውብዳር ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

ድምፅ ነው እንጂ ቃል አልነበረም። ግን ግጥም ነበር። ስንኙ ሲያልቅ ይታወቃል፣ ቤት ሲመታ ይሰማል፣ ከሁለት ከሁለት ስንኝ በኋላ ትንፋሽ ይወስዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ፊታቸው ፈገግ አለ፤ አስካለን የሚያስቃት ነገር እዚያ ጋ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ደህናው እጃቸው ደረታቸውን መታ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ስንኝ ሳያጎድሉ፣ ሙሉውን አሉት። እስክሪብቶዬ ወረቀቱን እንደነካ ቀረ። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰው ቃል አምልጦኝ አያውቅም ነበር።

ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡና እጃቸውን ዘርግተው የመንበሩን ግራ ጆሮ ያዙ። ቀስ ብለው ዳሰሱት። ከዚያ ዓይኑን ዓይኑን አዩት።

«የእናቴ ጆሮ ነው ማለትዎ ነው እትዬ?» አለ እያለቀሰ። «እንደሷ ነው?»

ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ አላወዛወዙምም። እንባቸው ብቻ ወረደ። የአስካለ ጆሮ ነው ማለታቸው ይሁን፣ ይህን ጆሮ ይዘህ ምን ትጠብቅ ነበር ማለታቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም በክረምቱ ሞቱ። ለእሳቸው ሙሾ የሚያወርድ አልተገኘም።

ያን ቀን ስንመለስ፣ ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ መንበሩ «የጻፉት ነገር አለ?» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቀኑና የእናቱ ስም ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየውና በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ጋሽ እንድሪስ በረንዳው ላይ ወጡ፣ መኪናቸው ፊት ተቀመጡ፣ ፔዳሉን ግን አልረገጡም። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መንበሩን አዩና «ጆሮ ጆሮ ሲጠብቅ፣ አፍ ተዘጋ» አሉ።